የጓሮ ዶሮዎችን ከኮዮቴ መጠበቅ

የጓሮ ዶሮዎችን ከኮዮቴ መጠበቅ በሰሜን አሜሪካ በመኖሪያ ግቢያቸው ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች፣ ዶሮዎቻቸውን ኮዮቴ ከተባለው የዱር እንስሳ ለማዳን የሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች ጠቅላላ መጠሪያ ነው። ዘዴዎቹ በአምስት ይከፈላሉ፦ ጠንካራ የሌሊት ማደሪያ፣ አጥር፣ ጠባቂ እንስሳት፣ ማስፈራሪያ፣ እንዲሁም ግቢን ኮዮቴን ከሚስቡ ነገሮች ማጽዳት ናቸው። እንስሳውን ማጥመድና መግደልም በብዙ ቦታ የተለመደ ቢሆንም በየክፍለ ግዛቱ ሕግ የተገደበ ነው፤ ዘላቂ ውጤቱም አከራካሪ ነው።

ጉዳዩ ይበልጥ የታወቀው ሁለት ነገሮች በአንድ ዘመን በመገጣጠማቸው ነው። በአንድ በኩል ኮዮቴ ከገጠር አልፎ በከተሞች ውስጥ መኖር ጀመረ። በሌላ በኩል ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ነዋሪዎች ጥቂት ዶሮዎችን በግቢያቸው እንዲያረቡ ፈቀዱ። ለምሳሌ የሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ቤተሰብ እስከ ስምንት ዶሮ እንዲያረባ ሲፈቅድ አዲስ አውራ ዶሮ ማስገባትን ከልክሏል። በኒው ዮርክ ከተማም ሴት ዶሮ ማርባት ይቻላል፤ አውራ ዶሮ ግን አይፈቀድም። አራትና አምስት ዶሮ ብቻ ላለው ቤተሰብ አንድ ሌሊት የተረሳ በር ዶሮዎቹን በሙሉ ሊያሳጣ ይችላል።

ስለ እንስሳው

ኮዮቴ ከውሻ፣ ከተኩላና ከቀበሮ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ ሥጋ በል እንስሳ ነው። ስሙ የመጣው በሜክሲኮ ከሚነገረው ከናዋትል ቋንቋ ሲሆን ወደ እንግሊዝኛ የገባው በስፓኒሽ በኩል ነው። አሜሪካውያን አብዛኛውን ጊዜ «ካዮቲ» ብለው ይጠሩታል። ቶማስ ሴይ የተባለው አሜሪካዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1823 የሰጠው ሳይንሳዊ ስም «ካኒስ ላትራንስ» ሲሆን ትርጉሙ «የሚጮኽ ውሻ» ማለት ነው።

በምዕራባዊው የአሜሪካ ክፍል የሚኖረው ኮዮቴ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 16 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በምሥራቅ የሚገኘው ከተኩላና ከውሻ ጋር የተዳቀለ ዝርያ ስላለበት ገዘፍ ይላል፤ አንዳንዱ ከ20 ኪሎ ግራም ያልፋል። ጠጉሩ ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ነው፤ ጆሮዎቹ ትልልቅና ቀጥ ያሉ፣ አፉ ሾጣጣ፣ ጭራው ደግሞ ጠጉራም ነው። በሚሮጥበት ጊዜ ጭራውን ዝቅ ማድረጉ ከውሻ ለመለየት ይረዳል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ መሮጥ ይችላል፤ ጥሩ ዘላይና ቆፋሪም ነው።

አውሮፓውያን ወደ አህጉሩ ከመስፋፋታቸው በፊት ኮዮቴ በአብዛኛው ይኖር የነበረው በሜክሲኮ እና በመካከለኛውና በምዕራባዊው የሰሜን አሜሪካ ሜዳማና በረሃማ ስፍራ ነበር። ሰፋሪዎች ተኩላዎችን ከአብዛኛው አካባቢ ሲያጠፉና ደኑን መንጥረው እርሻ ሲያደርጉት ለኮዮቴ መንገድ ተከፈተለት። በዛሬው ጊዜ ከአላስካ እስከ ፓናማ ይገኛል። በአሜሪካ ከሃዋይ በስተቀር በሁሉም ክፍለ ግዛቶች የሚኖር ሲሆን ቺካጎንና ሎስ አንጀለስን በመሳሰሉ ትልልቅ ከተሞች ውስጥም ይራባል።

ዶሮ ለምን ይስበዋል

ኮዮቴ ሥጋ በል ቢባልም ያገኘውን ሁሉ የሚበላ እንስሳ ነው። አይጥ፣ ጥንቸል፣ ነፍሳት፣ የወደቀ ፍራፍሬ፣ የሞተ እንስሳ፣ የአጋዘን ግልገልና ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ያለ ምግብ ይመገባል። በቺካጎ ከተማና አካባቢዋ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የተካሄደው ረጅም ጥናት ከ1,400 በላይ የኮዮቴ ኩሶችን መርምሮ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 42 በመቶ ያህሉ የአይጥ ዘሮች ቅሪት የተገኘበት ሲሆን ፍራፍሬ በ23 በመቶው፣ አጋዘን በ22 በመቶው፣ ጥንቸል ደግሞ በ18 በመቶው ታይቷል። የቤት እንስሳት ድርሻ እጅግ አነስተኛ ነበር።

ይህ ማለት ግን ዶሮ አይነካም ማለት አይደለም። ኮዮቴ የሚመርጠው በትንሽ ድካም ብዙ ምግብ የሚያስገኝለትን ነው። ዶሮ ርቃ አትበርም፣ ፈጣን ሯጭ አይደለችም፣ በጨለማ አጥርታ ስለማታይም ከቆጧ ላይ ሳትንቀሳቀስ ትያዛለች። ድምፅዋና የኩሷ ሽታ ያለችበትን ቦታ ከሩቅ ያሳብቃሉ። አንድ ጊዜ በቀላሉ ዶሮ ያገኘ ኮዮቴ ወደዚያው ግቢ ደጋግሞ ይመለሳል። ስለዚህ የጥበቃ ሁሉ መሠረቱ የመጀመሪያው ሙከራ እንዳይሳካለት ማድረግ ነው።

ጥቃት የሚበዛበት ጊዜ

ኮዮቴ በቀንም በሌሊትም ይንቀሳቀሳል። ሰው በሚበዛበት አካባቢ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያድነው ሌሊት ነው፤ ጎህ ሲቀድና ሲመሽም ይበረታል። እነዚህ ሰዓቶች ዶሮዎች ከማደሪያቸው ከሚወጡበትና ወደ ማደሪያቸው ከሚገቡበት ጊዜ ጋር ይገጣጠማሉ። በዚህ ምክንያት ዶሮዎችን ፀሐይ ወጥታ በደንብ እስኪነጋ አለመልቀቅና ሳይጨልም መዝጋት የጉዳቱን ዕድል በእጅጉ ይቀንሳል።

ወቅቱም ለውጥ አለው። ኮዮቴዎች የሚገናኙት ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ሲሆን ሴቷ 63 ቀናት ገደማ አርግዛ በሚያዝያና በግንቦት ትወልዳለች። በአማካይ ስድስት ያህል ግልገሎች ይወለዳሉ። ወላጆቹ ግልገሎቻቸውን በሚመግቡባቸው የፀደይና የበጋ ወራት ብዙ ምግብ ስለሚያስፈልጋቸው በቀንም ጭምር ሲያድኑ ይታያሉ። በመከር ወቅት ደግሞ ያደጉት ግልገሎች የራሳቸውን ክልል ፍለጋ ይበተናሉ። ልምድ የሌላቸው እነዚህ ወጣት ኮዮቴዎች ከዚያ በፊት ኮዮቴ ታይቶባቸው በማያውቁ ግቢዎች ሊደርሱ ይችላሉ።

ጥቃቱን ያደረሰውን እንስሳ መለየት

ዶሮ ሲጠፋ ኮዮቴ ቶሎ ይጠረጠራል፤ ነገር ግን በሰሜን አሜሪካ ዶሮ የሚበሉ እንስሳት ብዙ ናቸው። የማን ሥራ እንደሆነ ሳይለዩ መጠገን ቀዳዳው ሳይደፈን እንዲቀር ያደርጋል። የሚከተሉት ምልክቶች ለመለየት ይረዳሉ፤ አንዱ ምልክት ብቻውን ግን በቂ ማስረጃ አይሆንም።

• ኮዮቴ፦ ዶሮዋን ከአንገቷ ይዞ ይገድላትና አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ አካሏን ይዞ ይሄዳል። በቦታው የሚቀረው የተበታተነ ላባ ብቻ ሊሆን ይችላል። ዱካው ከውሻ ዱካ ጠበብና ሞላላ ያለ ሲሆን ርዝመቱ ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ኩሱ ውስጥ ጠጉርና የአጥንት ስብርባሪ ይታያል።

• ቀበሮ፦ እንደ ኮዮቴ ዶሮዋን ይዞ ይሄዳል፤ ዱካው ግን ያነሰ ነው።

• ውሻ፦ ለጨዋታ ስለሚያሳድድ ብዙ ዶሮዎችን ገድሎ ሳይበላ ጥሎ ይሄዳል።

• ራኩን፦ በእጁ መሰል የፊት እግሮቹ ቀላል መቀርቀሪያ ይከፍታል፤ በሽቦ ቀዳዳም እጁን አስገብቶ ዶሮዋን ይጎትታል። ጭንቅላቷና ማቀፊያ ጉሮሮዋ ተበልቶ አካሏ ሊቀር ይችላል።

• ዊዝል የሚባለው ቀጭን ሥጋ በል፦ በጣም በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ በአንድ ሌሊት ብዙ ዶሮዎችን ማጅራታቸውን ነክሶ ይገድላል።

• ጭልፊት፦ በቀን ያጠቃል፤ በአንድ ቦታ የተከመረ የተነጨ ላባ ይተዋል።

• ጉጉት፦ በሌሊት ያጠቃል፤ ብዙ ጊዜ ጭንቅላትና አንገት ብቻ ይበላል።

እርጥብ አፈር ወይም አመድ በማደሪያው በር ዙሪያ በስሱ ቢነሰነስ የሌሊቱ እንግዳ ዱካ በጠዋት ይታያል። በእንቅስቃሴ የሚነሣ ካሜራም ለዚሁ ያገለግላል።

የሌሊት ማደሪያ

አስተማማኝ ማደሪያ ከሁሉም ዘዴዎች ቀዳሚው ነው። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ አርቢ አጥሩን ከማሳመሩ በፊት ማደሪያውን ማጠንከር ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ዶሮ ራስዋን ፈጽሞ መከላከል የማትችለው በሌሊት ነው።

ሽቦ። በተለምዶ «የዶሮ ሽቦ» የሚባለው ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር ኖሪች ከተማ በቻርልስ ባርናርድ የተፈለሰፈ ነው። ይህ ሽቦ ዶሮዎች እንዳይወጡ ይከለክላል እንጂ ጠንካራ እንስሳ እንዳይገባ አያግድም። ኮዮቴ በጥርሱ ይዞ ሊቀደው፣ ራኩን ደግሞ በቀዳዳው እጁን ሊያስገባበት ይችላል። ለማደሪያ የሚመከረው በየመገናኛው የተበየደ፣ ዝገት በሚከላከል ዚንክ የተለበጠ፣ ቀዳዳው 13 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ወንፊት ሽቦ ነው። ሽቦው በትንንሽ የወረቀት ማያያዣ መሰል ችንካር ብቻ ከተያዘ በግፊት ይነቀላል። በብሎንና በሰፊ ማጠቢያ ቀለበት፣ ወይም በላዩ ላይ በተመታ የእንጨት ጠርዝ ሲያዝ ግን ይጸናል።

ወለል። የአፈር ወለል ያለው ማደሪያ በመቆፈር ይደፈራል። ወለሉን በሲሚንቶ መሥራት፣ በወፍራም ጣውላ ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ ወይም ወንፊት ሽቦ ከሥር መዘርጋት መፍትሔ ነው። ከፍ ያለ ማደሪያ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከሥሩ አይጥ መሸሸግ ስለማይመቸው አይጥን ተከትሎ የሚመጣው ኮዮቴም ይቀንሳል።

በርና መቀርቀሪያ። ጠንካራ ግድግዳ ያለው ማደሪያ ደካማ በር ካለው ዋጋ የለውም። በሩ ከፍሬሙ ጋር ክፍተት ሳይኖረው መግጠም፣ መቀርቀሪያውም በሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎች ብቻ የሚከፈት መሆን አለበት። ለምሳሌ መጀመሪያ የሚነሣ፣ ቀጥሎ የሚሳብ መቀርቀሪያ፣ ወይም በመቀርቀሪያው ላይ የሚገባ ባለ ስፕሪንግ ቀለበት ይመረጣል። የአየር መውጫ መስኮቶችም በወንፊት ሽቦ መሸፈን አለባቸው፤ ያለ አየር ማደሪያው በአሞኒያ ሽታ ስለሚሞላ የዶሮዎቹን ሳንባ ይጎዳል።

ራሱን የሚዘጋ በር። ዶሮዎች ሲመሽ ማንም ሳይነዳቸው ወደ ቆጣቸው ይመለሳሉ። ይህን ልማድ በመጠቀም በሰዓት ወይም በብርሃን መጠን ራሱን የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ በር ተሠርቷል። ከሥራ አምሽተው ለሚገቡ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ ዘግይታ የመጣች ዶሮ ውጭ ልትቀር፣ ባትሪውም ሊደክም፣ በበረዶ ወቅትም በሩ ሊያዝ ስለሚችል በየምሽቱ ዶሮዎችን መቁጠርን አያስቀርም።

የቀን መዋያና አጥር

ዶሮዎች ቀኑን ሙሉ በማደሪያ ተዘግተው መዋል ስለማይችሉ የታጠረ መዋያ ያስፈልጋቸዋል። ከኮዮቴ የሚከላከል አጥር ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት፦ ይዘለላል ወይ? ከሥሩ ይቆፈራል ወይ? በመካከሉ ይታለፋል ወይ?

ቁመት። ኮዮቴ አንድ ሜትር ከሃያ የሚሆነውን የተለመደ የግቢ አጥር በቀላሉ ያልፋል። ከፍ ያለውንም የፊት እግሮቹን ጫፉ ላይ አስደግፎ እየተቧጠጠ ይወጣል። ስለዚህ ቢያንስ 1 ሜትር ከ70 ገደማ፣ የተሻለ ከተፈለገም ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ አጥር ይመከራል። በአጥሩ ጫፍ ላይ ወደ ውጭ ያዘነበለ ሽቦ መጨመር መቧጠጡን ያከብድበታል። አንዳንዶች በአጥሩ ጫፍ ላይ የሚሽከረከር ቱቦ ይገጥማሉ፤ እንስሳው እግሩን ሲያሳርፍበት ቱቦው ስለሚዞር መያዣ አጥቶ ወደ ኋላ ይወድቃል። በአጥሩ አጠገብ የተከመረ እንጨት፣ የቆመ ጋሪ ወይም የተቆለለ በረዶ ግን ቁመቱን በተግባር ያሳጥረዋል።

የአጥር ሥር። ኮዮቴ የሚቆፍረው አብዛኛውን ጊዜ አጥሩ ከመሬት ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ነው። መከላከያው ሽቦውን ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ወደ መሬት መቅበር ነው። መሬቱ ድንጋያማ ከሆነ ደግሞ ከአጥሩ ሥር ተነሥቶ ወደ ውጭ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚተኛ ሽቦ ዘርግቶ በችንካር መያዝ ይቻላል። ሣር በመካከሉ ሲበቅል ሽቦው ከመሬቱ ጋር ይዋሐዳል። እንስሳው በአጥሩ ሥር ቆሞ ሲቆፍር መዳፉ ሽቦውን ያገኛል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ከሽቦው ጫፍ መጀመር እንዳለበት ብዙውን ጊዜ አይገነዘብም።

ጣሪያ። ትንሽ መዋያ ከሆነ ከላይም በሽቦ መሸፈን ሁለት ችግሮችን በአንድ ጊዜ ይፈታል፤ ኮዮቴ አይዘልም፣ ጭልፊትም አይወርድም። ቀላል የዓሣ መረብ መሰል መሸፈኛ ጭልፊትን ቢያግድም የኮዮቴን ክብደት አይችልም።

የኤሌክትሪክ አጥር። ዶሮዎች በየጊዜው ቦታ እየቀየሩ ሣር ለሚግጡበት ሰፊ ግቢ ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ መረብ ጥሩ አማራጭ ነው። መረቡ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 ብቻ ቁመት ቢኖረውም የሚሠራው በቁመቱ ሳይሆን በሕመም ትምህርት ነው። ኮዮቴ አዲስ ነገር ሲያይ መጀመሪያ በአፍንጫው ያሸተዋል፤ እርጥብ አፍንጫው ሽቦውን ሲነካ ለአፍታ የሚቆይ ኃይለኛ ንዝረት ይሰማዋል። ጠጉሩ ግን ንዝረትን ስለሚከላከልለት በዝላይ ላይ ሆኖ ቢነካው ያን ያህል አይሰማውም። በነባር አጥር ላይም ከመሬት 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከአጥሩ በውጭ በኩል የሚዘረጋ አንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ መቆፈርን፣ በአጥሩ ጫፍ ላይ የሚዘረጋ ሌላ ሽቦ ደግሞ መቧጠጥን ያስቀራል።

የኤሌክትሪክ አጥር ክትትል ይፈልጋል። ረጅም ሣር ሽቦውን ሲነካ ኃይሉ ወደ መሬት ይፈሳል። መሬቱ ሲደርቅ ወይም የመሬት ማስገቢያ ዘንጉ ጥልቅ ካልሆነ ንዝረቱ ይደክማል። በዚህ ምክንያት ኃይሉን በመለኪያ በየጊዜው መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ኃይሉ ቢያንስ ከ3,000 እስከ 4,000 ቮልት ካልሆነ አስተማማኝ አይባልም። ቮልቱ ከፍ ያለ ቢሆንም ኤሌክትሪኩ በጣም አጭር በሆነ ጊዜ ተቆራርጦ ስለሚላክ እንስሳውን ያስደነግጣል እንጂ አይገድልም። ለዚህ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ ሳይኖር ሽቦን ከቤት መብራት ጋር በቀጥታ ማገናኘት ግን ሰውንም እንስሳንም ይገድላል።

ጠባቂ እንስሳት

ውሻ። ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ ለጥበቃ የተራቡ ትልልቅ ውሾች፣ ለምሳሌ ከፒሬኔ ተራሮች የመጣው ታላቁ ፒሬኔ እና ከቱርክ የመጣው የአናቶሊያ ውሻ፣ በአሜሪካ በእረኝነት ሥራ መስፋፋት የጀመሩት በተለይ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው። እነዚህ ውሾች መንጋ አይነዱም፤ ከመንጋው ጋር እየኖሩ በጩኸታቸው፣ በሽንታቸው ምልክትና በግዝፈታቸው ኮዮቴን ያርቃሉ። ሆኖም ዶሮን እንደ መጫወቻ እንዳያዩ ከቡችላነታቸው ጀምሮ መልመድ አለባቸው። ሌሊት መጮኻቸው በከተማ ከጎረቤት ጋር ያጣላል፤ ምግባቸውም ለአራትና አምስት ዶሮ ብቻ ሲባል የሚወጣ ወጪ አይደለም። ትንሽ የቤት ውሻ ደግሞ ጠባቂ ሊሆን ቀርቶ ራሱ በኮዮቴ ሊበላ ይችላል።

አህያና ላማ። ሁለቱም በተፈጥሯቸው የውሻ ዘሮችን ስለሚጠሉ ኮዮቴን እየጮኹና እየረገጡ ያባርራሉ። በግ ከሚረባበት ሰፊ ሜዳ ላይ ይበልጥ ይጠቅማሉ እንጂ ለትንሽ ጓሮ አይሆኑም።

አውራ ዶሮ። አደጋ ሲያይ በልዩ ድምፅ ሌሎቹን ያስጠነቅቃል፤ አንዳንዱም ይጋፈጣል። ከጭልፊት አንጻር ማስጠንቀቂያው ጊዜ ያስገኛል። ኮዮቴን ግን ማቆም አይችልም።

ማስፈራሪያና ማባረር

ኮዮቴ አዲስ ነገርን ይጠራጠራል። በእንቅስቃሴ የሚበራ መብራት፣ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ መብራት፣ በድንገት ውኃ የሚረጭ ቱቦና ሬዲዮ ለጥቂት ጊዜ ያርቁታል። ጉዳት እንደማያደርሱበት ሲረዳ ግን ይለምዳቸዋል። ቦታቸውን፣ ሰዓታቸውንና ዓይነታቸውን መለዋወጥ የመላመጃ ጊዜውን ያራዝማል። ስለዚህ ማስፈራሪያ ለጠንካራ ማደሪያ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም።

ኮዮቴን በቀን በግቢ ውስጥ ያየ ሰው ቆሞ ከማየት ይልቅ እንዲያባርረው ይመከራል። ሁለት እጆችን ከፍ አድርጎ መጮኽ፣ ድስት መደብደብ፣ ትንንሽ ድንጋይ ወደ አጠገቡ መወርወርና እንስሳው ከግቢው እስኪወጣ አለማቆም ያስፈልጋል። መሮጥ ተገቢ አይደለም። መውጫ መንገድ የሌለውን፣ የታመመ የሚመስለውን ወይም ግልገሎቹን የሚጠብቀውን ኮዮቴ ግን መጋፈጥ አደገኛ ነው። የዚህ ዓይነቱ ማባረር ዓላማ ኮዮቴው ለሰው ያለውን ፍርሃት ማደስ ነው።

ግቢን ማጽዳት

ብዙ ጊዜ ኮዮቴን መጀመሪያ ወደ ግቢ የሚያመጣው ዶሮ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። የተበተነ የዶሮ መኖ አይጥ ይጠራል፤ አይጥ ደግሞ ኮዮቴን ይጠራል። ለዚህ ሰንሰለት መቁረጫው መኖን ክዳን ባለው ብረት በርሜል ማስቀመጥና ማታ ማታ መመገቢያውን ማንሣት ነው። የውሻና የድመት ምግብ ውጭ አለማሳደር፣ የወደቀ ፍራፍሬ መልቀም፣ የወፍ መኖ ከሥር እንዳይከመር መጥረግ፣ ቆሻሻ መጣያን መክደንና ሥጋን ከብስባሽ ማዳበሪያ ጋር አለመጨመርም ተመሳሳይ ጥቅም አላቸው። በማደሪያው ዙሪያ ያለው ቁጥቋጦና ረጅም ሣር ቢመነጠር ኮዮቴ ተደብቆ የሚጠጋበት አያገኝም።

ይህ ሥራ ከአንድ ቤት አጥር ያልፋል። አንዱ ጎረቤት በሩን እየቆለፈ ሌላው ለኮዮቴ ምግብ እያወጣ የሚያስቀምጥ ከሆነ እንስሳው ከሰፈሩ አይርቅም። በብዙ ከተሞች የዱር እንስሳትን መመገብ በሕግ የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው።

ማጥመድ፣ መግደልና ሕግ

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በቤት እንስሳት ላይ ጉዳት የሚያደርሱ የዱር እንስሳትን እንዲቆጣጠር የሚያዝዘው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ሥራውን በአሁኑ ጊዜ የሚያከናውነው በግብርና መሥሪያ ቤቱ ሥር የሚገኘው የዱር እንስሳት አገልግሎት ሲሆን በየዓመቱ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኮዮቴዎችን ይገድላል። ለብዙ ዓመታት መርዝ በሰፊው ይሠራበት ነበር። ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን እ.ኤ.አ. በየካቲት 1972 ባወጡት ትእዛዝ በፌዴራል መሬት ላይ ሥጋ በል እንስሳትን በመርዝ መግደል ተከለከለ፤ በኋላ ግን ክልከላው ላልቷል።

ይህ ሁሉ ዘመቻ እያለ ኮዮቴ አለመጥፋቱ፣ ይልቁንም መስፋፋቱ የእንስሳውን ማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪዎች በቅርብ እንዲያጠኑ አድርጓል። በአንድ የኮዮቴ ክልል ውስጥ የሚወልዱት አብዛኛውን ጊዜ የበላዮቹ ጥንዶች ብቻ ናቸው፤ ክልላቸውንም ከሌሎች ኮዮቴዎች ይጠብቃሉ። ጥንዶቹ ሲገደሉ ክልሉ ባዶ ስለሚሆን ተንከራታች ኮዮቴዎች ይገቡበታል። ምግብ ለጥቂቶች ስለሚተርፍም ብዙ ሴቶች ይወልዳሉ፤ ብዙ ግልገሎችም ያድጋሉ። ስለዚህ ዶሮ የለመደን አንድ ኮዮቴ ማስወገድ ለጊዜው ጉዳት ሊያቆም ቢችልም በደፈናው መግደል ቁጥሩን ለረጅም ጊዜ አይቀንስም። በተቃራኒው ዶሮ መንካት ያልለመዱ ጥንዶች በአካባቢው መኖራቸው ሌሎች እንዳይገቡ ስለሚያግድ ለአርቢው ሊጠቅም ይችላል።

የየክፍለ ግዛቱ ሕግ የተለያየ ነው። በአንዳንዶቹ ኮዮቴን ዓመቱን ሙሉ ማደን ሲፈቀድ በሌሎቹ የአደን ወቅትና ፈቃድ ያስፈልጋል። በከተማ ውስጥ መተኮስ ግን በአብዛኛው ክልክል ነው። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1998 መራጮች ያጸደቁት ሕግ እግር የሚይዘውን ባለ መንጋጋ ብረት ወጥመድና ሁለት ዓይነት መርዞችን ከልክሏል። ኮዮቴን አጥምዶ ሌላ ቦታ ወስዶ መልቀቅም በብዙ ክፍለ ግዛቶች አይፈቀድም፤ እንስሳው በማያውቀው ክልል ብዙ ጊዜ ይሞታል፣ በሽታም ሊያዛምት ይችላል። መርዝ በግቢ ማስቀመጥ የጎረቤትን ውሻና ድመት፣ ንስርንና ሕፃናትንም ለአደጋ ያጋልጣል።

ከጥቃት በኋላ

ዶሮ የተወሰደበት አርቢ በመጀመሪያ የተረፉትን በጠንካራ ቦታ መዝጋት ይኖርበታል፤ ኮዮቴው በሚቀጥለው ቀን፣ ብዙ ጊዜም በዚያው ሰዓት ሊመለስ ይችላልና። ከዚያ የገባበትን ቀዳዳ መፈለግና በዚያው ቀን መጠገን ይከተላል። የተረፉት ዶሮዎች በድንጋጤ ለቀናት ወይም ለሳምንታት እንቁላል መጣል ሊያቆሙ ይችላሉ። ጥልቅ የጥርስ ቁስል በላባ ሥር ስለሚደበቅ እያንዳንዷን ዶሮ ላባዋን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል።

የሞተች ዶሮ በግቢ ውስጥ መጣል የለባትም፤ ሽታው ሌላ እንስሳ ይጠራል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በአሜሪካ በተስፋፋው የወፍ ጉንፋን ኤች5ኤን1 የሞቱ ወፎችን የበሉ ቀበሮንና ኮዮቴን የመሳሰሉ እንስሳት በቫይረሱ መያዛቸው ታውቋል። ስለዚህ ያለ ግልጽ ምክንያት ብዙ ዶሮዎች ከሞቱ ለክፍለ ግዛቱ የእንስሳት ሐኪም ማሳወቅ ይገባል። ሬሳ ሲነሣ ጓንት ማድረግና እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል።

የእብድ ውሻ በሽታም በኮዮቴ ሊተላለፍ ይችላል። በደቡብ ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ1988 የውሻ ዓይነቱ ቫይረስ በኮዮቴዎች መካከል ተዛምቶ ነበር። ከ1995 ጀምሮ ክትባት ያለበት ምግብ ከአውሮፕላን እየተበተነ ወረርሽኙ የተገታ ሲሆን አሜሪካ ከዚህ የቫይረስ ዓይነት ነጻ መሆኗ በ2007 ታውጇል። ሌሎች የበሽታው ዓይነቶች በዱር እንስሳት ስላሉ ግን በኮዮቴ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና አጥቦ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

በኢትዮጵያ ካለው ጥበቃ ጋር ያለው ተመሳሳይነት

ኮዮቴ በኢትዮጵያ የለም። የቅርብ ዘመዶቹ ግን አሉ፤ በባሌና በሰሜን ተራሮች የሚኖረውና በአብዛኛው ፍልፈልና አይጥ የሚበላው ቀይ ቀበሮ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2015 በዘረ መል ጥናት ከእስያው ዘመዱ የተለየ ዝርያ መሆኑ የታወቀው የአፍሪካ ወርቃማ ተኩላ ይጠቀሳሉ። በኢትዮጵያ ገጠር ዶሮን በማጥፋት ይበልጥ የሚታወቁት ሸለምጥማጥና ጫጩት የሚነጥቀው ጭልፊት ናቸው።

የኢትዮጵያ ገበሬ ዶሮዎቹን ቀን ለቅቆ ማታ ቤት ውስጥ በቆጥ ላይ ማሳደሩ፣ ጫጩቶችንም በቅርጫት መድፋቱ ከላይ የተገለጸውን መሠረታዊ መርሕ የሚከተል ነው። በሁለቱም አገሮች ጥበቃው የሚጀምረው ዶሮዋ በማታይበት ሰዓት ጠንካራ ግድግዳና የተዘጋ በር እንዲኖራት በማድረግ ነው። ልዩነቱ ኮዮቴ ከሸለምጥማጥ የገዘፈ፣ ሽቦ የሚቀድና አጥር የሚዘል በመሆኑ ግድግዳውም፣ መቀርቀሪያውም፣ የአጥሩም ሥር በዚያው መጠን መጠንከር አለበት።